በሰፊው ብዕር የደመሰስኩት ስም

ጥፋቴን ከመጀመሪያው ልናገር። ከደባርቅ ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ባለ አንድ አጥቢያ፣ በብራና የተጻፈ አሮጌ ተአምረ ማርያም አለ። በመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ላይ ያስጻፈው ሰው ስም ደብዝዞ ነበር። እኔ ያንን ስም ከውጭ አገር በተላከልኝ፣ አፉ ሰፊ በሆነ ብዕር አድምቄ ጻፍኩት። የጻፍኩት ስም ግን የባለቤቱ አልነበረም። መጽሐፉን ያስጻፈችው ሴት ናት፤ እኔ የወንድ ስም አደረግሁት። ይህም ሳያንስ ስሕተቴን ካወቅሁ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ዝም አልኩ።

ቤተ ክርስቲያኑንም ሆነ አገልጋዮቹን በስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ነገሩን በአደባባይ የምናገረው ግን በምክንያት ነው። እጅ ጽሑፉ የሚያምርለት፣ ጥሩ ብዕር ያገኘ፣ ለአሮጌ መጽሐፍም የሚራራ ሰው በየአጥቢያው አይጠፋም። እኔ የሠራሁትን እሱም ነገ ሊሠራው ይችላል።

የአማርኛ መምህር ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፊደል አሳምሬ ስለምጥል የተማሪ ምስክር ወረቀት፣ የሠርግ ጥሪ፣ የማኅበር ደብተር ሽፋን፣ አንዳንዴም የሱቅ ታፔላ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይቆጨኛል። በተራ እስክሪብቶ የተጻፈ ፊደል መስመሩ ሁሉ እኩል ቀጭን ነው። የብራናው ፊደል መልኩ ሌላ ነው። በብራና ላይ «በ» ሁለት ወፋፍራም እግሮች አሉት፤ ከላይ የሚያገናኛቸው መስመር ደግሞ ፀጉር ያህል ይቀጥናል። በጎንደር ዘመን የተጻፉት፣ ጉልሕ የሚባለው አጣጣል ያላቸው መጻሕፍት ግርማቸው ከዚህ ይመጣል።

ምስጢሩ ያለው በብዕሩ አፍ ላይ ነው። ቁም ጸሐፊ መቃውን በካራ ይቀርጽና ጫፉን ጠፍጣፋ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ መሐሉንም ይሰነጥቀዋል። ጠፍጣፋው አፍ ወደ ታች ሲሳብ በሙሉ ስፋቱ ያርፋል፤ ወደ ጎን ሲሄድ በስለቱ ብቻ ይነካል። ውፍረቱና ቅጥነቱ የሚወለደው ከዚህ ነው። ቀለም የሚሞላው የብረት ብዕር ሠሪዎችም ይህን አያጡትም። አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1884 የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ በዓለም የተስፋፋው ይህ ብዕር፣ ቀለሙን በሆዱ ይዞ በቀጭን ቦይ ወደ ጫፉ ያወርዳል። አብዛኛው ጫፉ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ይጽፋል። ለጌጥ ጽሕፈት ግን ሰፋፊ አፍ ያላቸው አሉ። የጃፓኑ ፓይለት ፓራለል በሚል ስም የሚሸጣቸው፣ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ተጋጥመው ቀለም በመካከላቸው የሚያልፍባቸው ብዕሮች ከ1.5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው።

በውጭ የምትኖር ዘመዴ ከዚህ ወገን የሆኑ ብዕሮች ላከችልኝ። የመጀመሪያውን «ሀ» ስጽፍ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። እጄ ምንም አዲስ ነገር ሳይማር የጎንደር ፊደል ከወረቀቱ ላይ ወጣ። ጥፋቴ የጀመረው እዚያው ላይ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ብዕሩ የሠራውን እኔ የሠራሁት መሰለኝ። ጸሐፊ ለመሆን ዓመታት የሚፈጀውን፣ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ ብራና ከመፋቅ፣ ቀለም ከመበጥበጥና ከመስመር ማስመር የሚጀምረውን ትምህርት አንድ የፕላስቲክ ዘንግ የተካልኝ መሰለኝ።

ወደዚያ አጥቢያ የወጣሁት ለግንቦት ልደታ ነበር። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጨነቅ ደግሞ 3,620 ሜትር ላይ ነው። ብዕሩ በከረጢቴ ውስጥ ነበር። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በሆዱ ያለው አየር እየሰፋ ቀለሙን ሲገፋው፣ ስደርስ ክዳኑ ውስጥ ቀለም ተፍቶ አገኘሁት። በጨርቅ ጠረግሁትና ረሳሁት። ብዕሩ ያን ቀን ከወትሮው የበለጠ ቀለም ያወርድ እንደነበር ያስተዋልኩት ከሥራው በኋላ ነው።

ከበዓሉ በኋላ ካህናቱ ከማኅደሩ አውጥተው መጽሐፉን አሳዩኝ። ሽፋኑ ድጉስ ነው። የታችኛው የቅጠሎቹ ጥግ በጣት ብዛት ጠቁሯል። ተአምር በሚሰማበት ቀን ሁሉ የተገለጠ መጽሐፍ ነው። ተአምረ ማርያምን የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ በየተአምሩ መጀመሪያ ላይ የእመቤታችን ጸሎትና በረከት እንዲያድርበት የሚለመንለት ሰው ስም ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም የአስጻፊው ነው። ገንዘቡን አውጥቶ ቆዳ የገዛ፣ ጸሐፊውን የመገበ ሰው ድርሻው ያ ነው፤ መጽሐፉ እስካለ ድረስ ስሙ ከመቅደሱ ደጃፍ ይጠራል። በመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ላይ ይህ ስም የተጻፈበት ቦታ በንክኪ ብዛት ተልጦ ነበር። «ወ» በደንብ ይታያል። ቀጥሎ «ለ» ይሁን «ል» የማይለይ ፊደል አለ። ሦስተኛው ፊደል ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ የቅዱሱ ስም ደብዘዝ ብሎ ይነበባል። ከስሙ በፊት ያለው ቃል የመጨረሻ ፊደሉ እግር ብቻ ቀርቷል።

ካህናቱ ጻፍልን አላሉኝም። የጠየቅሁት እኔ ነኝ። «ይህ ስም ሊጠፋ ነው፤ ላድምቀው» አልኳቸው። እጄን ስለሚያውቁትና መምህር ስለሆንኩ እምቢ ማለት ከበዳቸው። መጽሐፉን ጠንቅቀው የሚያውቁት መሪጌታ ያን ሰሞን ወደ ጎንደር ወርደው ነበር። «የኔታ እስኪመለሱ እንቆይ» ያለ አንድ ዲያቆን ነበረ። ልጅ ነው ብዬ አልሰማሁትም።

«ወልደ» ብዬ ጻፍኩ። ከፊቱም የወንድ አገልጋይ የሚለውን ቃል ሞላሁ። ለምን? ጥያቄው ብዙ ሌሊት መልሶ መጥቶብኛል፤ መልሱም ያሳፍረኛል። መጽሐፍ ያስጻፈ ሰው ወንድ መሆን አለበት ብዬ ስለገመትኩ ነው። እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ እንደነበር፣ በጎንደር ቁስቋምን እንዳሠሩና መጻሕፍት እንዳስጻፉ ለተማሪዎቼ የማስተምር ሰው ነኝ። ባላገሯ ሴት ግን፣ በዚህ ውርጭ ገብስ እየዘራች የኖረች እመቤት፣ ብራና ልታስጽፍ እንደምትችል በልቤ አልመጣም። የጠፋውን ፊደል የሞላሁት ከመጽሐፉ አንብቤ ሳይሆን ከራሴ ግምት ነው።

ከብዕሮቼ ውስጥ ጠባቡን፣ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትሩን ነበር የመረጥኩት። እሱም ቢሆን ከጥንቱ ፊደል ክንድ ይወፍር ነበር። የቀረውን አሻራ ሁሉ ሸፈነው። የብረቱ ስለት ደግሞ ሊረግፍ የተቃረበውን አሮጌ ቀለም በየመስመሩ እየላጠ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ብናኙን በትንፋሼ እፍ ብዬ አራገፍኩት። ያች እፍታ እስካሁን ትቆረቁረኛለች። ከዚያም ቀለሙ ደርቋል ብዬ መጽሐፉን ከደንኩት። ካህናቱ መረቁኝ። በስልኬ ጥቂት ቅጠሎች ፎቶ አንስቼ፣ ደስ ብሎኝ ወረድኩ።

ቤቴ ተቀምጬ ፎቶዎቹን ሳይ ነው ያወቅሁት። ለውበቱ ብዬ ካነሳኋቸው ቅጠሎች አንዱ ከመጽሐፉ መጨረሻ ገደማ ያለ ነበር። እዚያ ቦታ ብዙ ሰው ስለማይደርስ ጣትም አልነካውም። ስሙ በቀይ ቀለም፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል ተቀምጧል፤ «ወለተ» ይላል። ከፊቱ ያለውም የሴት አገልጋይ የሚለው ቃል ነው። ስሙ ጠፍቶ አልነበረም ማለት ነው። የሚጠበቅብኝ ቅጠል መገልበጥ ብቻ ነበር።

ያን ዕለት ተመልሼ ብወጣ፣ ቢያንስ ስልክ ብደውል፣ ጥፋቴ የስሕተት ጥፋት ሆኖ ይቀር ነበር። አላደረግሁትም። ምርቃቱ ይመለስብኛል ብዬ ፈራሁ። «መንገዱ ጭቃ ነው» አልኩ፤ «ትምህርት ሲዘጋ» አልኩ፤ «ማን ያስተውለዋል» አልኩ። በዚያ መሀል መጽሐፉ ይነበብ ነበር። ካህኑ ያየውን ያነባል። በየንባቡ ጸሎት የሚለመነው በምድር ላይ ኖሮ ለማያውቅ ሰው ነው። የእሷ ስም ከቆመበት ቦታ ወረደ፤ ያወረድኳት እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። መጀመሪያ ያበላሸሁት በድፍረት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በፍርሃት አበላሸሁት።

ክረምቱ ደግሞ የራሱን ሥራ ሠራ። በጨነቅ አካባቢ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጉም ከገደሉ እየወጣ ቤት ድረስ ይገባል። የአባቶቻችን ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል፣ ከቅጠልና ከሙጫ ተቀምሞ፣ ለወራት ተብላልቶ የሚሠራ ነው። ጥላሸት በፀሐይ አይለቅም፤ ሙጫው ሲያረጅ ይረግፋል እንጂ መልኩን አይቀይርም፤ ሲረግፍም አሻራውን ይተዋል። በእኔ ብዕር ውስጥ ያለው ግን በውሃ የሟሟ ማቅለሚያ ነው። ጥላሸት ያለበት ተራ ቀለም ቢሞላበት ቀጭኑ ቦይ ሊደፈን ይችላል። ይህ ቀለም ለወረቀት የተሠራ ነው። ወረቀት ይመጠዋል፤ ብራና ግን ቆዳ ነው፣ ቀለሙ ከላዩ ላይ ይቀመጣል። ርጥበት ሲያገኘው ተንቀሳቀሰ። የጻፍኳቸው ፊደላት ጠርዛቸው ፈሰሰ። ትይዩ ባለው ገጽ ላይም ሐሰተኛው ስም በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ታተመ።

ለመስከረም ብዙኃን ማርያም ወጣሁ። መሪጌታው መጽሐፉን ገልጠው ጠበቁኝ።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ የኔታ። ስሕተት መሆኑንም አውቄያለሁ። ካወቅሁ ቆይቻለሁ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ገጹ ሳያስነኩ አስጠግተው፣ «ደብዝዞ ሳለ ይነበብ ነበር፤ አድምቀህ አጠፋኸው» አሉኝ። ስሙን በቃላቸው ያውቁታል። እሳቸው ሲያነቡ በየቦታው ትክክለኛውን እየጠሩ ነው የኖሩት። ወጣቶቹ ካህናት ግን የሚያነቡት ከገጹ ነው፤ ገጹን ደግሞ እኔ ለውጬዋለሁ።

ሴትዮዋ ዘር አላት። ከዘሯ አንዷ በዚያው አጥቢያ ያሉ መነኩሲት ናቸው። መሪጌታው ወደ እሳቸው ወሰዱኝ። ጫማዬን አውልቄ መሬት ተንበርክኬ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ እንዲህ ሆኖ ስንት ጊዜ ተነበበ?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ለመጽሐፉ ጉዳት ካሣ ማሰብ ይቻላል፤ ሳይለመንላት ላለፈው ጊዜ ግን ምን እንደሚከፈል አላውቅም። «እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ለእሷ ግን አንተው ንገራት» አሉኝ። ከመቃብሯ ያለው ምልክት ስለጠፋ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ በቆመው ጽድ ሥር ሆኜ ነገርኳት።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎችና ካህናት መከሩ። ጸሐፊ ሲሳሳት የተሳሳተውን በካራ ፍቆ በላዩ ማረም የቆየ ልማድ ነው። የእኔን ግን መፋቅ አልተቻለም፤ ከሥሩ የቀረው የጥንቱ አሻራም አብሮ ይፋቃል። በውሃ ማጠብም ብራናውን ያኮማትረዋል። የጥላሸት ቀለም በዓይን በማይታየው ታሕተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ጨረር በሚያነሣ ካሜራ ሲታይ ጥቁር ሆኖ እንደሚወጣ፣ አብዛኛው የማቅለሚያ ቀለም ደግሞ በዚያ ጨረር እንደሚሰወር ከዚያ ወዲህ ተምሬያለሁ። በጥቁር የተጻፈውና በብረቱ ያልተላጠው ፊደል አንድ ቀን በዚህ መንገድ ሊነበብ ይችል ይሆናል። በቀይ ለተጻፈው ግን ይህ ተስፋ እንኳ የለም። ስለዚህ ገጹ እንዳለ እንዲቆይ ተወሰነ። በመጽሐፉ መጨረሻ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ፣ እንደ ጥንቱ የመሬትና የውል ማስታወሻ፣ እውነቱ እንዲጻፍ ተስማሙ።

የጻፉት አንድ አረጋዊ ቁም ጸሐፊ ናቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። መቃውን በቀለም ቀንዱ ውስጥ ይነክራሉ፤ ጥቂት ፊደላት ይጽፋሉ፤ ቀለሙ ያልቃል፤ መልሰው ይነክራሉ። መቃው ወደ ቀንዱ በሄደ ቁጥር ዓይናቸው ወደተጻፈው ይመለሳል፤ ይመረምሩታል፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። የእኔ ብዕር ቀለሙን በሆዱ ስለያዘ ያለ ማቋረጥ ይጽፋል። ስጠራጠር የሚያስቆመኝ ነገር ከራሴ መምጣት ነበረበት፤ እኔ ደግሞ አልተጠራጠርኩም። ጸሐፊው የሴትዮዋን ስም በቀይ ጻፉ። ከዚያ «የአጥፊው ስም ይቅር?» ብለው ጠየቁኝ። እንዲጻፍ ለመንኳቸው። ዛሬ በዚያ ቅጠል ላይ የእሷ ስም እንዳለ፣ የእኔም ከነጥፋቴ አለ።

በክፍል ውስጥ ስለ መቅደላ ሳስተምር ድምፄ ይግላል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዐፄ ቴዎድሮስ አምባ የወሰደው መጽሐፍ ብዛት፣ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ላይብረሪ ብቻ 350 ገደማ እንደሚደርስ ለልጆቹ እነግራለሁ። ንጉሡ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡባት፣ ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት ደረስጌ ማርያም ከጨነቅ ማዶ፣ ቧሂትን ተሻግሮ ጃናሞራ ላይ ናት፤ ታሪኩ የራሳችን ቀዬ ታሪክ ነው። ቁጭቱ ትክክል ነው፤ አሁንም አስተምረዋለሁ። ነገር ግን የሄዱት መጻሕፍት ማንም በላያቸው እንዳይጽፍ ተጠብቀው ሲቀመጡ፣ በእጃችን በቀረው በአንዱ ላይ የጻፍኩበት እኔ ነኝ። በዚሁ ተራራ ላይ ዋልያው ጠባቂ አለው፤ የሚኖርበት ፓርክም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለብራናው ጠባቂዎቹ ካህናቱና ሕዝቡ ነን። እኔ ከጠባቂዎቹ አንዱ ሆኜ ነው የነካሁት።

ስለዚህ እንደኔ እጁ ለሚያምርለት ወንድሜና እኅቴ የምለው አለኝ። የደበዘዘ ብራና ስታዩ ብዕራችሁን አታውጡ። ቅጠሉን ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው፣ በንጹሕ እጅ ገልብጡ፤ አንድ ቦታ የጠፋው ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ፎቶ አንሡ፤ ፎቶውንም ለደብሩ ስጡ። መጽሐፉን ሲያነቡ የኖሩትን አባት ጠብቁ፤ ወደ ሩቅ ቢሄዱም እስኪመለሱ ቆዩ። ልጅ ዲያቆን «እንቆይ» ካላችሁ ስሙት። ያነበባችሁትን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ያልተነበበውን ቦታ ክፍት ተዉት። ከተሳሳታችሁም በዚያው ቀን ተናገሩ።

ብዕሮቼን አልጣልኳቸውም፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። አሁንም የተማሪዎችን ምስክር ወረቀት እጽፍባቸዋለሁ። የማንንም ስም ከመጻፌ በፊት ግን ባለቤቱን አስጠርቼ በራሱ አፍ ፊደል በፊደል እጠይቃለሁ።

ወደፊት ያንን ተአምረ ማርያም ለሚያነብ ካህን ደግሞ ይህን አደራ እላለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ላይ በወፍራም ፊደል የተጻፈው ስም ውሸት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እውነተኛው ስም ከመጨረሻው ገደማ በቀይ አለ። እሷን ጥሩ።